ካንሰር ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀም ያሳዩት ኦቶ ዋርበርግ

በአምበርና በአካባቢዋ ጠላ የጠመቀ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጋኑ በደንብ ካልተከደነና ካልተመረገ አየር ይገባበትና ጠላው ይሆመጥጣል። እርሾው ስኳሩን በደንብ የሚያብላላው አየር ሲያጣ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ ግን አየር እያለም ስኳርን የሚያብላላ ሕዋስ አገኙ፤ የካንሰር ሕዋስ።

ዋርበርግ እ.ኤ.አ በ1883 በፍራይቡርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኤሚል ዋርበርግ የታወቁ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው በ1906 በኬሚስትሪ፣ በ1911 ደግሞ በሕክምና ዶክትሬታቸውን ያዙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረሰኛ ጦር ዘምተው ተመለሱ።

በ1920ዎቹ በርሊን በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው ከዕጢ ላይ ስስ ቁራጭ እየቀረፉ የሚጠቀመውን ስኳርና ኦክስጅን ለኩ። ጤነኛ ሕዋስ ኦክስጅን ሲያገኝ ስኳሩን እስከ መጨረሻው ያቃጥላል። ዕጢው ግን ኦክስጅን እያለም ብዙውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጥ ነበር። በ1931 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሕዋስ ኦክስጅንን እንዲጠቀም በሚረዳው የመተንፈሻ ኢንዛይም ላይ ያደረጉት ጥናት ነው።

በአባታቸው በኩል ከአይሁድ ስለሚወለዱ በናዚ ዘመን፣ በ1941፣ ከሥራቸው ተነሥተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ትዳር ሳይመሠርቱ ለምርምር ኖረው በ1970 በ86 ዓመታቸው በርሊን ውስጥ አረፉ።

ዋርበርግ የካንሰር መነሻው የሕዋስ መተንፈስ መበላሸት ነው ብለው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ጸኑ። ዛሬ ግን ዋናው መነሻ የዘረ መል ለውጥ እንደሆነ ይታወቃል። የለኩት ነገር ግን ትክክል ነበር። በአፍ፣ በጉሮሮና በማንቁርት ካንሰር ላክቲክ አሲድ የሚያመርተው ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም በብዙ ዕጢዎች ከፍ ብሎ ይገኛል። አሲዱም ዕጢው በዙሪያው ያለውን አካል እንዲወር ያግዘዋል።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች ስኳር በመተው ካንሰርን ለማስራብ ይሞክራሉ። አያዋጣም። ሰውነት ከእንጀራውም ከሥጋውም ስኳር ይሠራል። መዋጥ የከበደው የጉሮሮ ታማሚ ምግብ ሲቀንስ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ቀዶ ሕክምናውንና ጨረሩን የሚቋቋምበት አቅም ያጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን የሐኪሙን ምክር ይከተል።

በአንገትና በራስ ካንሰር ዋነኞቹ አጋላጮች ትምባሆና አልኮል ናቸው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አረቄ ሲያዘወትር አደጋው እጅግ ይጨምራል።

ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የድምፅ መጎርነን፣ የአንገት እብጠት ወይም ለመዋጥ መቸገር ካለ አይዘግዩ። የአምበር ነዋሪ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ዕጢው ሳይሰፋ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።