ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ወደ ባልዋ ቤት ስለ መመለስዋ

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዓል በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ሲከበር፥ ስለ ሃይማኖት የተቀበለችው መከራና ስደትዋ ይነገራል፤ ስለ ትዳርዋ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ባልና ሚስትን የማስታረቅ ሸክም በንስሐ አባቶች ጫንቃ ላይ ያለ ነውና፥ ይህን የታሪክዋን ክፍል ለይተን ብንመለከት ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከአባትዋ ከባሕር ሰገድና ከእናትዋ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ወገኖችዋ መኳንንት ነበሩና ለዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ለመልክዐ ክርስቶስ ዳሩዋት። ሦስት ልጆች ወለደችለት፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ልብዋ ወደ ምናኔ አዘነበለ፤ ባልዋም ለዘመቻ በሄደ ጊዜ፥ መነኮሳት ረድተዋት ቤትዋን ትታ ወጣች፤ ጠጕርዋንም ተላጨች።

መልክዐ ክርስቶስ ይህን በሰማ ጊዜ፥ እንደ ባል ሽማግሌ በመላክ ፈንታ እንደ ጦር አለቃ ሠራዊት አስከትቶ መጣ፤ የተሸሸገችበትንም አገር ያጠፋ ጀመር። እነሆ ፈተናው! ብትቀር ድኻው በእርስዋ ምክንያት ይጠፋል፤ ብትመለስ የጀመረችው መንገድ ይቋረጣል። አባቶችም ዘመዶችዋም እንድትመለስ አስጨነቁዋት፤ እርስዋም ስለ ሕዝቡ ብላ ተመለሰች፤ ተለያይተው የነበሩት ባልና ሚስትም እንደ ገና በአንድ ጣራ ሥር ተቀመጡ።

ይህን መመለስ እኛ እንደ ሽንፈት አንቈጥረውም፤ ለባልንጀራ ሲባል የተደረገ ነውና። ነገር ግን በሰይፍ ጥላ ሥር የተፈጸመ ዕርቅ እንደ ነበረ አንሰውርም። አስታራቂዎቹ እርስዋን ሲለምኑ፥ እርሱ ስለ ጠፋው አገር ምን ንስሐ ገባ? ዛሬም ሽማግሌ የኀይለኛውን ቍጣ ፈርቶ ደካማውን ብቻ ሲለማመጥ እናያለን፤ እንዲህ ያለው ዕርቅ ቤቱን አያጸናውም።

አልጸናምም። ንጉሡ ወደ ሮማውያን ሃይማኖት ማዘንበሉን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን፥ ከንጉሡ አማች ከዮልዮስ ጋር ተነሥተው በ1609 ዓ.ም. ተገደሉ። መልክዐ ክርስቶስ ከንጉሡ ወገን ነበረና የጳጳሱ ልብስ በእጁ ገባ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ባወቀች ጊዜ የመመለስዋ ነገር ሁሉ ፈረሰ። ስለ ሕዝብ ሕይወት የጭካኔውን በደል ታግሣ ነበር፤ የተገደለው አባት ልብስ ባለበት ቤት ግን የሚስትነትን ማዕርግ ይዞ መቀመጥ የማይቻል ሆነባት። ወደ እርሱ መቅረብን ፈጽማ እምቢ አለች፤ በመጨረሻም ለሁለተኛ ጊዜ ወጥታ በ25 ዓመትዋ መነኰሰች። ከባልዋና ከልጅዋ ተለይታ የመጣችው እኅተ ክርስቶስም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ባልንጀራ ሆነቻት።

የዚህ ትዳር ታሪክ በዚህ አልተዘጋም። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ከተቀበለ በኋላ፥ ወለተ ጴጥሮስ በመቃወምዋ ለፍርድ ቀረበች፤ ንጉሡም ሊገድላት ባሰበ ጊዜ የለመነላት ያው የተወችው ባልዋ ነበረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ስትከሰስ እንደ ገና ስለ ሕይወትዋ ተናገረ፤ በእርሱም ምክር የኢየሱሳውያን አለቃ አልፎንሱ ሜንዴዝ እንዲያስተምራት ተደረገ። ሜንዴዝም ደክሞ ቀረ፤ እርስዋም ወደ ዠበይ በረሓ ተግዛ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገድልዋን የጻፈው ገላውዴዎስ፥ የባልዋን ጭካኔ እንደ ጻፈ ልመናውንም አልደበቀም። እኛም ፍቅሩን ከክፋቱ ለይተን ለመመዘን አንደፍርም፤ ሠራዊት አስከትቶ የፈለጋትና ለሕይወትዋ የለመነላት አንድ ሰው ነውና።

በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የቀደመችውን ሃይማኖት ከመለሰ በኋላ፥ ወለተ ጴጥሮስ የሰበሰበቻቸውን ማኅበራት ስትመራ ቆይታ፥ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረከበች፤ በስምዋ የተተከለው ገዳምም በጣና ዳር በቁራጣ ይገኛል።