የብረት ስንጥቅ መፈለጊያውን የሰው ሆድ ላይ ያሳረፈው ሐኪም

አልትራሳውንድ ለመታየት ሄዳችሁ ብዙ ውሃ ጠጥታችሁ ሽንት እንድትይዙ ታዛችሁ ታውቃላችሁ? ፊኛ ሲሞላ አንጀትን ገፋ ያደርግና ድምፅ አቋርጦ የሚያልፍበት ጥሩ መስኮት ይሆናል። ይህችን ቀላል ዘዴ ያስለመደን፣ አልትራሳውንድንም የሐኪም ዕቃ ያደረገው ሰው ኢያን ዶናልድ ይባላል። ዛሬ የሱን ታሪክ እናወጋችኋለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአንጀት ሕመም ጋር ምን እንዳገናኘው ታያላችሁ።

ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1910 እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል በሚባል አካባቢ ተወለደ። አባቱ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለነበር ትምህርቱን ኬፕታውን ተማረ። ገና ወጣት ሳለ እናትና አባቱን በአንድ ዓመት፣ በ1927 አጣ። በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሕክምና ተማረና በ1937 ተመረቀ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዶናልድ በእንግሊዝ አየር ኃይል በሐኪምነት አገለገለ። አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተከስክሶ ሲቃጠል ውስጡ ያልፈነዳ ቦምብ እያለ ገብቶ ሰዎችን አወጣ። ለዚህም ተሸለመ። ለኛ ታሪክ ግን ትልቁ ነገር እዚያ ያየው ቴክኖሎጂ ነው። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ምላሹን በመስማት አውሮፕላን ያገኛል። ሶናር ደግሞ ውሃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ከገደል ማሚቶው ሰርጓጅ መርከብ የት እንዳለ ያውቃል። ዶናልድ ይህ ነገር ከጭንቅላቱ አልወጣም።

በ1954 ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለጃ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ግላስጎው ያኔ የመርከብና የቦይለር ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልጉት በድምፅ ነበር፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ብረቱ ውስጥ ይላካል፣ ስንጥቅ ካለ ነጥሮ ይመለሳል።

ታዲያ ዶናልድ አንድ ጥያቄ ያዘው። ብረት ውስጥ ያለውን ስንጥቅ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ዕጢስ ቢሆን?

ካከማቸው ሴቶች የአንዷ ባል ቦይለር በሚሠራው ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ ኃላፊ ነበርና በሩ ተከፈተለት። ሐምሌ 21 ቀን 1955 በኦፕራሲዮን የወጡ ዕጢዎችን በሁለት መኪና ኋላ ጭኖ ፋብሪካው ደረሰ። ፋብሪካውም ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ትልቅ ሙዳ ሥጋ አቀረበለት። ውጤቱ አስደሰተው። ውሃ የቋጠረው ዕጢ አንድ ዓይነት ምልክት ሰጠ፣ ድፍኑ ደግሞ ሌላ ዓይነት።

ግን ፋብሪካና ሆስፒታል ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ የተዋሰው መሣሪያ ደካማ ነበር። በሽተኛዋ ሆድ ላይ ውሃ የተሞላ ዕቃ ማስቀመጥ ስለሚያስፈልግ ውሃው እየፈሰሰ አልጋ ያበሰብሳል። ሰው ይስቅበት ጀመር።

እዚህ ጋ ቶም ብራውን መጣ። በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ኢንጂነር ሲሆን የሚሠራው ኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ የተባለ የመሣሪያ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ፕሮፌሰር በብረት መፈተሻ ሰው እየመረመረ መሆኑን ሲሰማ ስልክ ቁጥሩን ከማውጫ ፈልጎ ደወለለት። ሄዶ ሲያይ መሣሪያው ለሥራው እንደማይሆን ገባው፣ የተሻለም አመጣ። ዶክተር ጆን ማክቪካር ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። ቆዳ ላይ ዘይት ቀብቶ መሣሪያውን በቀጥታ ማሳረፍ ተቻለ፣ የውሃው ጣጣም ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። አንዲት ሴት ሆዷ ተነፍቶ፣ ሰውነቷ ከስቶ ሆስፒታል ተኝታለች። ራጅ የጨጓራ ካንሰር ይላል። ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃም ከካንሰሩ የመጣ ነው ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባታል። ዶናልድ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ሲያሳርፍ ስክሪኑ ሌላ ነገር አሳየ፤ ውሃው ሆድ ውስጥ የተበተነ ሳይሆን ጥርት ያለ ግድግዳ ባለው ከረጢት የተቋጠረ ነው። ሆዷ ሲከፈት በእርግጥም ግዙፍ የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ተገኘ። ካንሰርም አልነበረም። ወጣላት፣ ዳነች።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሳቁ ቆመ። ሦስቱ ሰዎች ሰኔ 7 ቀን 1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥራቸውን አሳተሙ። ቀጥሎ የፅንስ ጭንቅላት መለካት መጣ፣ ቀጥሎም ገና የጀመረ እርግዝናን ማየት። የእናትን ሆድ ሳይከፍቱና ጨረር ሳይጠቀሙ ልጅን ማየት ተቻለ።

ዶናልድ ራሱ ግን ጤነኛ አልነበረም። የልብ ቫልቭ ሕመም ነበረበትና ሦስት ጊዜ ከባድ የልብ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። በመካከሉ እየተመለሰ ሠራ፣ አስተማረ። ሁሉም የሚስማማበት ሰውም አልነበረም። የ1967ቱን የእንግሊዝ የውርጃ ሕግ አጥብቆ ተቃወመ፣ ለክርክሩም የራሱን የአልትራሳውንድ ምስሎች ተጠቀመ። በ1976 ጡረታ ወጣ፣ በ1987 በ76 ዓመቱ አረፈ።

እሺ፣ አንጀቱስ?

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባል ሕመም አለ። የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ይቆጣል፣ ይቆስላል። ጋብ ይላል፣ ደግሞ ያገረሻል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። ሲያገረሽ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ሌሊት ሽንት ቤት መመላለስ ይመጣል። ቁጣው የት እንደደረሰ ለማየት ዋናው መንገድ ኮሎኖስኮፒ ነው፤ አንጀት በመድኃኒት ይታጠባል፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ ይገባል። ይህን በየጊዜው መደጋገም ለማንም ይከብዳል።

አልትራሳውንድ ለአንጀት አይሆንም ተብሎ ብዙ ዘመን ተትቶ ነበር። ምክንያቱ አየር ነው፤ ድምፅ አየር ሲያገኝ ይነጥራል እንጂ አያልፍም። መሣሪያው እየረቀቀ ሲመጣ ግን የአንጀቱን ግድግዳ መለካት ተቻለ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ቁጣ እንዳለ ይጠረጠራል። ዶፕለር የሚባለው ዘዴ ደግሞ ወደ ግድግዳው የሚሄደው ደም መብዛቱን ያሳያል። የጣሊያን ሐኪሞች ሁለቱን አዳምረው የሚላን መስፈርት የሚባል ነጥብ አወጡ። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናትም፣ መድኃኒት ሲሠራ ግድግዳው በ2 ሳምንት ውስጥ መሳሳት እንደሚጀምር አሳየ። ማለትም መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ወራት መጠበቅ ላያስፈልግ ነው። ማጠቢያ የለም፣ ቱቦ የለም፣ ጨረር የለም።

ልብ በሉ፣ ኮሎኖስኮፒን ሙሉ በሙሉ አይተካም። የአንጀቱ የመጨረሻ ክፍል በሆድ በኩል በደንብ አይታይም፤ ናሙና ለመውሰድና ካንሰርን አስቀድሞ ለመፈለግም ቱቦው የግድ ነው። የሚያየው ባለሙያም በዚህ የሠለጠነ መሆን አለበት። ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትተዉት፣ አፍራችሁም አትደብቁት፤ ተመርመሩ። ሕመሙ ያለባችሁ ደግሞ ስለተሻላችሁ ብቻ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ተስፋ የተቆረጠባትን ያቺን ሴት ያተረፋት፣ ሰው እየሳቀበት የአንድ ፋብሪካ መሣሪያ ሆዷ ላይ ያሳረፈ ሐኪም ነበር። በዚህ ሕመም ለሚሰቃይ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ እናነባለን።