ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና የእኔ ሳብዎፈር

ዶሮ ማነቂያ ነው ያደግሁት። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት የምንኖረው ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ነበር። ጎረቤት ቴፕ ሲከፍት ወደ እኛ ቤት የሚደርሰው ዘፈኑ ሳይሆን ቤዙ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አቅም ሳገኝ መጀመሪያ ሳብዎፈር የገዛሁት። ካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ 3000 ዋት ይላል። ሕግ የተማርኩ ሰው ሆኜ ይህንን ቃል ሳልጠይቅ መግዛቴ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ለቅጽበት ብቻ የሚታሰብ የገበያ ቁጥር ኖሯል። መጠየቅ የነበረብኝ አርኤምኤሱን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሸከመውን ኃይል ነበር።

የቀረውን ያስተማሩኝ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ነጋድራስ በ1869 ዓ.ም. የተወለዱ ባለቅኔ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እዚያም ሳሉ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በርሊን ላይ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ይኸው ነው። ለሞተር የተላኩት ሰው ስማቸው የቀረው በሸክላ ሆነ። በኋላ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ነበሩ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ የተወለደው ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በእግር ኳስ አፍሪካ ያወቀው ሰው ነው። እሳቸው በ1957 ዓ.ም. አረፉ።

ሸክላዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ሲዲ ሆነው ወጡ። ገዛሁና ሳብዎፈሬን ከፈትኩ። ዝም አለ። የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ያው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ለሸክላ ቀረጻ ማይክሮፎን አልነበረም። ነጋድራስ የዘፈኑት በትልቅ ጥሩንባ አፍ ውስጥ ነው፤ የድምፃቸው ግፊት መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌው ሰሙን ይጭራል። ጥሩንባው በደንብ የሚይዘው በግምት ከ250 እስከ 2500 ኸርዝ፣ በሰከንድ የሚቆጠር ንዝረት ማለት ነው፣ ያለውን ብቻ ነበር። ሳብዎፈር ደግሞ ሥራው ከ100 ኸርዝ በታች ነው። ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ለእሱ የሚልክለት ነገር አላገኘም። ማደያውን ወደ 150 ብጎትተው ያመጣልኝ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተርም ቢሆን የሸክላውን ፍጭጭታ ነው የሚያሰማው። የነጋድራስን የደረት ድምፅ በርሊን ውስጥ ማንም አልያዘውም፤ የትኛውም ዋት አይመልሰውም።

ሳብዎፈሩን አጠፋሁት። ያን ጊዜ ማሲንቆውና ቃላቱ ጥርት ብለው መጡ። አሁን ሳብዎፈሩ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።