ሥቃይን የታገሉ ሐኪም፦ ዶክተር ጆን ቦኒካ

በአማርኛ ሕመም የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ባንድነት ይሸከማል። ደዌውም ሕመም ይባላል፤ ከደዌው የሚመጣው ሥቃይም ሕመም ይባላል። በሕክምና ትምህርት ግን ሁለቱ ለረጅም ዘመን ተለያይተው ኖረዋል። ሐኪሙ የሚያሳድደው ደዌውን ነበር፤ ሥቃዩ ወደ ደዌው የሚመራ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ የሕክምና ጉዳይ ሆኖ አይቆጠርም ነበር። ቁስሉ ደርቆ፣ አጥንቱ ገጥሞ፣ ምርመራው ሁሉ ደኅና ነው ተብሎ ሳለ አሁንም አመመኝ የሚል ሰው ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲንከራተት ይኖራል፤ ከዚያም አልፎ በአስመሳይነት ይጠረጠር ነበር። እንዲህ ያለው ሥቃይ ራሱ ደዌ መሆኑን ለሙያ ባልደረቦቻቸው ለማስረዳት ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች መካከል ዶክተር ጆን ቦኒካ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ቦኒካ የተወለዱት በ1917 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሲሲሊ አጠገብ በምትገኘው ፊሊኩዲ በተባለች ትንሽ የኢጣሊያ ደሴት ነው። በ1927 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በኒውዮርክ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ከአምስት ዓመት በኋላ አባታቸው ሲሞቱ የቤቱ ሸክም ገና ጎልማሳነት ባልደረሰ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሊስትሮ ሆነው ጫማ እየጠረጉ፣ ጋዜጣ እያዞሩ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እየሸጡ ቤታቸውን ረዱ፤ ትምህርታቸውን ግን አላቋረጡም።

በተማሪነታቸው የጀመሩት የትግል ስፖርት ውሎ አድሮ መተዳደሪያቸው ሆነ። ሐኪም ለመሆን የቆረጡት ወጣት የማርኬት ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ትምህርት የተማሩት ቀን በመጽሐፍ፣ ማታ በትግል ሜዳ እየዋሉና እያመሹ ነው። የበጋውን ዕረፍት ከሰርከስ ጋር እየተዘዋወሩ ጉልበታቸውን በማሳየት ያሳልፉ ነበር። በ1941 በቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም የትግል ሻምፒዮንነትን ለጥቂት ወራት ይዘዋል። ይሁን እንጂ ሐኪምነትና ታጋይነት ባንድ ሰው ላይ ሲታዩ ለብዙዎች የማይጣጣሙ ይመስሉ ስለ ነበር፣ በሌላ ስም፣ አንዳንድ ጊዜም ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው ይታገሉ ነበር። ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልቀረም። ጆሮዎቻቸው በምት ብዛት ቅርጻቸውን አጡ፤ የትከሻቸውና የዳሌያቸው መጋጠሚያዎችም ክፉኛ ተጎዱ። ስለ ሌሎች ሰዎች ሥቃይ የሚያጠኑት ሐኪም ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ከራሳቸው ሥቃይ ጋር ኖረዋል።

በ1942 ትምህርታቸውን ጨርሰው በኒውዮርክ የተግባር ልምምድ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመትም ወይዘሮ ኤማን አገቡ። ባለቤታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ የደረሰው አደጋ በቦኒካ ሕይወት ላይ የማይጠፋ አሻራ ጥሏል። ኤተር የተሰጣቸው ልምድ በሌለው ሐኪም እጅ ነበርና በሰመመን ላይ ሳሉ አስመለሳቸው፤ ትንፋሻቸውም ታፈነ። ቦኒካ ደርሰው የመተንፈሻውን መንገድ ባይከፍቱ ኖሮ እናትና ልጅ ባንድነት ይጠፉ ነበር። ቦኒካ በማደንዘዣ ሕክምና የጸኑት፣ በኋላም ለወላድ እናቶች የኤፒዱራል ማደንዘዣ እንዲስፋፋ በብርቱ የጣሩት ይህን በዓይናቸው ስላዩ ነው። በ1960ዎቹ ማለቂያ ስለ ወሊድ ሥቃይ ማስታገሻና ማደንዘዣ ያሳተሙት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ የዚሁ ጥረት ፍሬ ነበር።

ወደ ሥቃይ ጥናት ያስገባቸው በር ግን ጦርነቱ ነው። በ1944 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ፎርት ሉዊስ በሚገኘው የማዲጋን የጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሲመደቡ ዕድሜያቸው 27 ዓመት ብቻ ነበር። በዚያም የጦር ሜዳ ቁስለኞች በብዛት ይመጡ ነበር። እጁ ከተቆረጠ በኋላ በሌለው እጁ ጣቶች ላይ የሚያመው ወታደር ነበር። ነርቩ በጥይት ተመትቶ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የነፋስ ሽውታ እንኳ ሲነካው ቆዳውን እንደ እሳት የሚለበልበው ወታደርም ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዊየር ሚቸል እነዚህኑ ነገሮች በ1860ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ላይ ተመልክተው ጽፈዋል፤ ፈረንሳዊው ቀዳጅ ሐኪም ሬኔ ለሪሽም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩን በሰፊው አጥንተዋል። ሆኖም ቦኒካ የዘመኑን የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ሲያገላብጡ ስለ ሥቃይ ሕክምና ያገኙት ነገር እጅግ ጥቂት ሆነባቸው።

በእጃቸው የነበረው መሣሪያ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ሥቃዩን ያመላልሳል ተብሎ በሚጠረጠረው ነርቭ አጠገብ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወጋል። ሥቃዩ ለጊዜው ከጠፋ የሥቃዩ መተላለፊያ በዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ካልጠፋም ሌላ መንገድ መፈለግ ይገባል። ስለዚህ መርፌው ማስታገሻም መመርመሪያም ይሆናል። ግን ቦኒካ ብዙ ሳይቆዩ የመርፌውን ወሰን ተረዱ። ከታመሙት ብዙዎቹ ሥቃያቸው ከነርቭ፣ ከጡንቻ፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከሐዘንና ከሥራ ፈትነት ጋር የተቆላለፈ ነበርና አንድ ክር በመምዘዝ ብቻ የሚፈታ ቋጠሮ አልነበረም። በመጀመሪያ ለነርቭ ሐኪሙ፣ ለአጥንት ሐኪሙና ለአእምሮ ሐኪሙ በጽሑፍ ምክር ይጠይቁ ነበር፤ ከየክፍሉ የሚመጣው መልስ ግን እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ክፍል ብቻ የሚያይበት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ሐኪሞቹን ባንድ ገበታ ዙሪያ ሰብስበው ስለ አንዱ በሽተኛ ባንድነት እንዲመክሩ አደረጉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የተሠራው ግን በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ከጦር ሠራዊቱ ከተሰናበቱ በኋላ በታኮማ ከተማ ሆስፒታል እየሠሩ፣ ማታ ማታም ገና እየታገሉ፣ ስለ ሥቃይ ሕክምና ታላቁን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በ1953 የታተመው ይህ መጽሐፍ ከ1500 ገጽ የማያንስ ሲሆን ሥቃይን ከሥረ መሠረቱ እስከ ሕክምናው ባንድ ጥራዝ ያጠቃለለ ነው። በየቋንቋው ተበታትኖ የነበረውን እውቀት አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ማሰባሰቡ ብዙዎችን አስደንቋል።

በ1960 በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማደንዘዣ ሕክምና ትምህርት ክፍል መሪ ሆነው ተጠሩ። ወዲያውም ከነርቭ ቀዳጁ ከዶክተር ሎዌል ኋይትና ከነርስ ዶሮቲ ክራውሊ ጋር ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች ባንድነት የሚሠሩበትን የሥቃይ ክሊኒክ አቋቋሙ። በኋላ ዊልበርት ፎርዳይስ የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥቃይ የሰውን የዕለት ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ፣ ጠባዩን በመለወጥም በሽተኛውን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ መመለስ እንደሚቻል በዚያው ዩኒቨርሲቲ አሳዩ።

ሳይንሱም በዚያው ዘመን ተራመደ። በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ባወጡት ጥናት፣ ሥቃይ ከቆዳ እስከ አንጎል በተዘረጋ ሽቦ እንደሚደርስ መልእክት ያለ ለውጥ የሚያልፍ አይደለም አሉ። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ሥርዓት አለ፤ በሩንም ከአካል የሚመጡ ሌሎች ስሜቶችና ከአንጎል የሚወርዱ ትእዛዞች ያጠብቁታል ወይም ያላሉታል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ዝርዝሩ ከጊዜ በኋላ ቢታረምም ዋናው ነገር ጸንቷል። ፍርሃት፣ ሐዘንና ተስፋ በሥቃይ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው ቦኒካ ከበሽተኞች አልጋ አጠገብ የተረዱት ነገር በዚህ ሳይንሳዊ ምክንያት አገኘ።

ይሁን እንጂ ተመራማሪው በቤተ ሙከራው፣ ሐኪሙ በክሊኒኩ ተለያይተው እስከ ተቀመጡ ድረስ እውቀቱ ለታመመው እንደማይደርስ ቦኒካ ያምኑ ነበር። በግንቦት 1973 በሲያትል አጠገብ በኢሳኳ ከ300 የሚበልጡ ሊቃውንትን ከልዩ ልዩ አገሮች ጠርተው ሰበሰቡ። ከዚህ ስብሰባ ዓለም አቀፉ የሥቃይ ጥናት ማኅበር ተወለደና በ1974 ተቋቋመ። በ1975 መጽሔቱ በዎል አዘጋጅነት መታተም ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤም በፍሎረንስ ተደረገ። ማኅበሩን የጠነሰሱት ቦኒካ ሆነው ሳለ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ፈረንሳዊቷ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ዴኒስ አልብ ፌሳር ነበሩ፤ ቦኒካ የተከተሉት በሁለተኛ ተራ ነው። ማኅበሩ በ1979 ባወጣው ትርጓሜ ሥቃይ የአካል ስሜት ብቻ ሳይሆን የመንፈስም ገጠመኝ መሆኑን፣ የአካል ጉዳት ባይታይም ሥቃዩ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል አስቀመጠ። ለዘመናት አስመሳይ ሲባል ለኖረው በሽተኛ ይህ ፍርድ እንደ መገለጥ ያህል ነበር።

ቦኒካ ራሳቸው በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና እየተደረገላቸው፣ በከባድ ሥቃይ መራመድ እየተሳናቸው እስከ ሽምግልና ሠርተዋል። በ1990 የታላቁ መጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም በሁለት ቅጽ ወጣ። የመጀመሪያውን ብቻቸውን የጻፉት ሰው ሁለተኛውን ከብዙ ባለሙያዎች ጋር ማዘጋጀታቸው ትምህርታቸውን በሥራ ያሳየ ነው። ወይዘሮ ኤማ በ1994 አረፉ፤ ቦኒካም ከባለቤታቸው በጥቂት ሳምንታት ተለይተው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በ77 ዓመታቸው ተከተሏቸው።

ከእርሳቸው በኋላ የሆነው ሁሉ የሚያስደስት አይደለም። ብዙ ባለሙያ ባንድ በሽተኛ ላይ የሚሰለፍበት ክሊኒክ ወጪው ይከብዳልና በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ በምክክሩ ፋንታም ኪኒን ብቻውን ሲታዘዝ ከሞርፊን ዘመዶች የሚመጣ ሱስና ሞት ተስፋፍቷል። በሌላ በኩል ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሥቃይ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ላይ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ መዝገቡ በ2019 ጸድቆ በ2022 በሥራ ላይ ውሏል። ቦኒካ የተከራከሩለት ነገር በመዝገብ ተረትቶላቸዋል። የቀረው በየሆስፒታሉ የሚፈጸመው ነው፤ ይኸውም አመመኝ የሚለውን ሰው አስቀድሞ ማመን፣ ብቻን ከመወሰንም የጎረቤትን ክፍል በር አንኳኩቶ ባንድ ገበታ መምከር ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያ አያሻም፤ በማዲጋን ሆስፒታል ያስፈለገው አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበሮች ብቻ ነበሩ።