ፍላሽ ይዘህ ና

ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ላይ እንድጫወት ተጠርቼ ነበር። ኪቦርዴን ባጃጅ ላይ ልጭን ስል ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ኪቦርዱ እንደማያስፈልግ፣ ሙዚቃ የተጫነበት ፍላሽ ብቻ ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ክፍያዬም በዚያው በግማሽ ወረደ። ሥራ ሥራ ነውና እሺ አልኩ። ኪቦርዱን መልሼ ቤት አስገባሁና እስኪመሽ ድረስ ሓወልቲ ሄጄ ተቀመጥኩ።

መቀሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሓወልቲ 51 ሜትር ከፍታ ያለው የሰማእታት ሐውልት ነው። ሰፈራችንም በስሙ ይጠራል። ከሰዓት በኋላ ወጣቱ እዚያ አረፍ ይላል። በዚያ ቀን ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ኢርፎን ሰክቷል። እኔም ሰካሁና አብሮ አደጌ በቴሌግራም የላከልኝን ቪዲዮ ከፈትኩ። እሱ ክሩዝ መርከብ ላይ አስተናጋጅ ነው። በቪዲዮው ላይ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ይበራል፣ ዲጄው እጁን ያወዛውዛል፣ ሁለት ዘፋኞች ይጨፍራሉ። ባንዱ የት አለ ብዬ ጻፍኩለት። ባንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደሆነ መለሰልኝ።

ለካ ፍላሽ ይዘህ ና የተባልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም!

የመርከብን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ታይታኒክን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1912 ስትሰጥም ስምንት ሙዚቀኞች ነበሯት፤ አንድም አልተረፈም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን መንገደኛ ሲመገብም ሲጨፍርም የሚሰማው ከፊቱ ቆሞ የሚጫወት ሰው ነበር። በ1999 ደግሞ ቮዬጀር ኦፍ ዘ ሲስ የምትባል መርከብ በባሕር ላይ የመጀመሪያውን የበረዶ መንሸራተቻ ይዛ መጣች። ትርኢቱ እያደገ፣ ስክሪኑ እየሰፋ ሲሄድ ጥግ የያዘው ባንድ እየሳሳ ሄደ።

እኛ ባሕር የለንም፤ ለውጡ ግን እኛም ጋ ደርሷል። የደረሰው በቴአትር ቤት፣ በሆቴልና በሠርግ አዳራሽ በኩል ነው። ይህን ሳስብ አንድ ስም ትዝ አለኝ። ኪቦርድ ያስተማሩኝ አባት ድሮ ትራምፔት ይነፉ ነበር፤ ጣቴ በተሳሳተ ቁጥር የሚያነሱት ስም ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን። ታዋቂ ሰው ናቸው፣ በእኛ ዕድሜ ያለን ግን ዘፋኙን እንጂ ከጀርባው የቆመውን አናውቅም። እስቲ ታሪካቸውን ላጫውታችሁ።

ነርሲስ በ1915 አይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት፤ ጋዚያንቴፕ ትባላለች። ዓመቱን ልብ በሉ። በኦቶማን ግዛት አርመኖች ከቤታቸው እየተነቀሉ በረሃ ለበረሃ የተነዱበትና ያለቁበት ዓመት ነው። የነርሲስ ቤተሰብ ሶሪያ ውስጥ ሐለብ ተጠለለ። ልጁ ያደገው በስደተኛ ሰፈር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ የከፈተው አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖቹ ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸውና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ታሪክ አርባ ልጆች እያለ የሚያነሳቸው እነዚህን ነው። በዚያ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ባቡር ይሳፈራል። የልጆቹ የሙዚቃ መሪ ኬቮርክ ሆነ። በ1926 የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከእልቂት የተረፈ ስደተኛ ለተቀበለችው አገር መዝሙር ሠራላት ማለት ነው።

ነርሲስ የመጡት በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገሪቱ በጣሊያን እጅ ሳለች ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶቹ አዝማሪዎችን እያደኑ ገድለዋል። ሕዝብ መሀል እየዞረ የሚዘፍን ሰው ወሬ ያደርሳል፣ ልብ ያነሳሳል ብለው ፈሩት። ነርሲስ የደረሱት እንግዲህ መሰንቆ የያዘ ሰው ይገደልባት ወደነበረች አገር ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሁሉም ነገር እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ሙዚቃውም ጭምር። ነርሲስ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ ያዙ። የፖሊስ ኦርኬስትራንም አሠለጠኑ። በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ተከፈተ፣ ብዙም ሳይቆይ የኦርኬስትራው መሪ ሆኑ። ብዙ መሣሪያ በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ናቸው። ያቀናብራሉ፣ መዘምራን ይመራሉ፣ ፒያኖ ያስተምራሉ፣ የፈረሰ ፒያኖም ይቃኛሉ።

ሥራቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት ትንሽ ሙያ ላውራ። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አዝማሪው ከመሰንቆው ጋር ያንኑ ዜማ እያስጌጠ ይሄዳል። አሁን ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖና ባስ አንድ ላይ አምጡ። ሁሉም ያንኑ ዜማ ከተጫወተ ጩኸት ይሆናል። በፈረንጁ ደንብ ድምፅ ደራርባችሁ ካጀባችሁት ደግሞ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል። አምስቱን ድምፅ ሳይሰብሩ ለትልቅ ኦርኬስትራ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ነርሲስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ነፊ ክፍሉን በኖታ ይጽፋሉ፤ ኖታ የማያነበውን ደግሞ መጀመሪያ ማንበብ ያስተምሩታል። ማምቦና ቻቻቻ የሚጫወተው ኦርኬስትራ በዚያው ምሽት ባቲንና አምባሰልን ይዞ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሌሊቷ ደመቀ። ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስ፣ ከቴአትር ቤቶች የወጡ ሙዚቀኞች ሆቴሎችና ክለቦች ውስጥ ትንንሽ ባንድ አቋቋሙ። በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ በዩቲዩብ ኢትዮጵያን ግሩቭ እያልን የምንከፍተው፣ ፈረንጁም የሚያብድለት ያ ድምፅ ነው። ትልቁ ኦርኬስትራ ግን በዚያው ጊዜ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ባለሆቴል ሃያ ሰው ከሚከፍል ስድስት ቢከፍል ይመርጣል። ነርሲስ ያስተማሯቸው ልጆች ሥራቸውን ያሳነሰ ዘመን አመጡ ብትሉ አትሳሳቱም።

ቀጥሎ 1974 መጣ፤ አብዮት፣ ሰዓት እላፊ። ነርሲስ በ1977 አረፉ፤ አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ስትታመስ፣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ። ከዚያ በኋላ ሸክላውን ካሴት ተካው። በነፊዎቹ ቦታ ኪቦርድ ገባ። በኪቦርዱ ቦታ ደግሞ ፍላሽ።

እዚህ ጋ ትንሽ አፈርኩ። ሥራዬን ቀማኝ ብዬ ፍላሹን ስረግም፣ የእኔ ኪቦርድ ራሱ የስንት ትራምፔትና ሳክስፎን ነፊ እንጀራ እንደወሰደ ረስቼ ነበር። ከነዚያ አንዱ ያስተማሩኝ አባት ናቸው። ሥራቸውን የወሰደውን ዕቃ እኔን አስተማሩበት። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም።

ለምን እንዳላማረሩ የገባኝ በጦርነቱ ጊዜ ነው። ከ2020 እስከ 2022 ባለው ጊዜ እኛ ጋ ምን እንደነበር የኖረ ያውቀዋል። ስልክ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ መብራት ለረጅም ጊዜ የለ፣ ባንክ ዝግ። ስልካችን በሶላር ቻርጅ ከተደረገ ሜሞሪ ላይ የነበረችውን ሃያ ዘፈን ያሰማናል፣ ከዚያ ድርግም። ኪቦርዴ ያለ መብራት ጠረጴዛ ነበር፤ ልብስ አስቀምጥበት ነበር። በዚያ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ምሽቱን የሚያሳልፈን አንድ ክራር የሚመታ ልጅ ነበር። ጨለማ ውስጥ ሃያ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። የሞተብንም ያልሞተብንም እኩል እናለቅሳለን፣ አንዳንዴም እንስቃለን። ልጁ መሣሪያ ስለነበረው ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ስላስተማረው ነው።

የነርሲስ ሕይወት ለእኔ እዚህ ጋ ነው ያለው። ልጅ ሆነው ከእልቂት ተረፉ፤ ጎልማሳ ሆነው አዝማሪ የታደነባት አገር ገቡ። ሙዚቃ እንዴት እንደሚጠፋ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ትራምፔትና ፒያኖ ከውጭ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ዘመኑ ያልፍበታል። ባንድ ይፈርሳል፣ አዳራሽ ይዘጋል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ከዚህ ሁሉ የሚያልፈውን ነበር፤ የማያውቀውን ሰው ማሳወቅ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ፣ ኪቦርድ ባስተማሩኝ ሽማግሌ በኩል መቀሌ ድረስ፣ እኔ ጣት ላይ ደረሰ። ስማቸውን ያለ ምክንያት አያነሱትም ነበር።

ቅዳሜ ማታ ሠርጉ ላይ ፍላሹን ሰክቼ ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር፣ ሰውም ጨፈረ፤ አልዋሽም። በመሀል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። አንዲት እናት ከበሮ አነሱ፣ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ አዳራሹ በጨለማ ውስጥ ቀለጠ። መብራቱ ሲመለስ ሙዚቃውን መልሼ ለመክፈት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከበሮው እስኪያበቃ ጠበቅኩ።

አሁን እሑድ እሑድ ሦስት የሰፈር ልጆች ቤቴ ይመጣሉ። ኪቦርዱን ከልብስ መስቀያነት አውጥቼዋለሁ። ትልቋ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ አምባሰልን ከባቲ መለየት ጀምራለች። ክፍያ የለም። መብራት ሲጠፋ በአፍ እያዜምን እንቀጥላለን። አብሮ አደጌም በቪዲዮ ይከታተለናል፤ መርከቡ ኔትወርክ ያለበት ወደብ ሲደርስ።