የሹመት ደብዳቤያቸው ያልታወቀላቸው ወኪል፦ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በለንደን

የውክልና ሰነድ ለማረጋገጥ የሚመጡ ባለጉዳዮች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ወካዩ ወዶና ፈቅዶ የፈረመበት ሰነድ በተቀባዩ ወገን ዘንድ ስለምን እንደገና ይመረመራል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከሁለት መቶ ኃምሳ ዓመታት በፊት በለንደን ከተማ በአንድ ታላቅ ሰው ላይ ተነሥቶ ነበር። ከዚህ በታች ታሪካቸው በአጭሩ ቀርቧል፤ ዘመናቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አሜሪካ የነበሩት የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች አምባሳደር የመላክ መብት አልነበራቸውም። አምባሳደር ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚላክ ሲሆን፣ እነርሱ ግን በአንድ ንጉሥ ሥር ያሉ ግዛቶች ነበሩ። በመሆኑም የየግዛቱ ምክር ቤት ጉዳዩን በንጉሡ ሚኒስትሮችና በፓርላማው ዘንድ የሚከታተልለት ወኪል በለንደን ያስቀምጥ ነበር። ከእነዚህ ወኪሎች መካከል ስማቸው እጅግ የገነነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ናቸው።

ፍራንክሊን በ1706 በቦስተን ከተማ ከሳሙናና ሻማ ሠሪ አባት ተወለዱ። ትምህርታቸውን በአሥር ዓመታቸው አቋርጠው በወንድማቸው ማተሚያ ቤት ሙያ ተማሩ፤ በአሥራ ሰባት ዓመታቸውም ወደ ፊላዴልፊያ ኮበለሉ። በጋዜጣ አሳታሚነት ሀብት አፍርተው ገና በአርባ ሁለት ዓመታቸው ከንግዱ ሥራ ገለል አሉ። በመብረቅና በኤሌክትሪክ ላይ ያደረጉት ምርምር ስማቸውን በኤውሮፓ አስጠራው፤ በኋላ የለንደንን ደጆች የከፈተላቸው ከሹመት ደብዳቤያቸው ይልቅ ይህ ዝናቸው ሳይሆን አልቀረም።

በ1757 የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ወደ ለንደን ላካቸው። የግዛቲቱ መሥራች የዊልያም ፔን ወራሾች ሰፊ መሬት ይዘው ሳለ፣ ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ወጪ የሚሆን ግብር በርስታቸው ላይ እንዳይጣል ይከላከሉ ነበር። ጉዳዩ ሦስት ዓመት ፈጀ። በ1760 የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት ተለክቶ የተከፋፈለው የፔን ቤተሰብ መሬት ግብር እንዲከፈልበት፣ ያልተለካው ግን ነጻ እንዲሆን ወሰነ። ፍራንክሊን በ1762 ወደ አገራቸው ቢመለሱም፣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ተላኩ።

በዚህ በሁለተኛው ተልእኮ መጀመሪያ ላይ ከባድ ስሕተት ፈጸሙ። ፓርላማው በ1765 በቅኝ ግዛቶቹ ላይ የቴምብር ቀረጥ ሲደነግግ አስቀድመው ተቃውመው ሳይሳካላቸው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ያለቀ መስሏቸው አንድ ወዳጃቸው በፔንሲልቬኒያ የቴምብሩ አከፋፋይ ሆኖ እንዲሾም ሐሳብ አቀረቡ። ከወካዮቻቸው በውቅያኖስ ርቀው የሕዝቡን ቁጣ አልገመቱትም ነበር። በፊላዴልፊያ የሚገኘው ቤታቸው ሊጠቃ ሲል ባለቤታቸው ዲቦራ አልሸሽም ብለው ከዘመዶቻቸው ጋር መሣሪያ ይዘው ጠበቁት። ፍራንክሊን ስሕተታቸውን ያረሙት በፌብሩዋሪ 1766 በፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት ቀርበው ከመቶ ሰባ የሚበልጡ ጥያቄዎችን በመመለስ ነው። ሕጉ በማግሥቱ ወር ተሻረ።

ከዚህ በኋላ የጆርጂያ፣ የኒው ጀርሲና በ1770 የማሳቹሴትስ የተወካዮች ምክር ቤት በየተራ ወኪላቸው አድርገው ሾሟቸው። የማሳቹሴትሱ ሹመት ግን እክል ገጠመው። በጃንዋሪ 1771 ፍራንክሊን የሹመት ደብዳቤያቸውን ይዘው የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ወደነበሩት ወደ ሎርድ ሂልስቦሮ ዘንድ ሄዱ። ሚኒስትሩ ደብዳቤውን አልቀበልም አሉ። በእርሳቸው አመለካከት ወኪል ሊሾም የሚችለው ምክር ቤቱ ባወጣውና በንጉሡ የተሾመው አገረ ገዥ ባጸደቀው ሕግ ብቻ ነበር። ፍራንክሊን በበኩላቸው የሕዝብን ጉዳይ የሚያቀርብ ሰው የአገረ ገዥ ፈቃድ አያስፈልገውም ባይ ነበሩ። ክርክሩ ተራ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የአገረ ገዥው ፈቃድ ግድ ከሆነ፣ ሕዝቡ በአገረ ገዥው ላይ አቤቱታ ቢኖረው ማን ያቀርብለታል? ፍራንክሊን ደብዳቤያቸውን እንደያዙ ተመለሱ፤ ሥራቸውን ግን አላቋረጡም።

አቤቱታው ብዙም ሳይዘገይ መጣ። የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ቶማስ ሃቺንሰን ወደ እንግሊዝ የጻፏቸው የግል ደብዳቤዎች በፍራንክሊን እጅ ገቡ፤ እርሳቸውም እንዳይታተሙ አሳስበው ወደ ቦስተን ላኳቸው። ደብዳቤዎቹ ግን በ1773 ታተሙ፤ ምክር ቤቱም አገረ ገዥው እንዲነሡለት ለንጉሡ አመለከተ። የሰው የግል ደብዳቤ አሳልፎ መስጠት ለአንድ ወኪል፣ ያውም የፖስታ አገልግሎት ምክትል ኃላፊ ለሆነ ሰው፣ የሚያስመሰግን ተግባር አልነበረም። በጃንዋሪ 29 ቀን 1774 አቤቱታው በንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት ሲሰማ፣ የመንግሥቱ ጠበቃ አሌክሳንደር ዌደርበርን አገረ ገዥውን ትተው ወኪሉን ከሰሱ። የስድሳ ስምንት ዓመቱ አዛውንት በተሰበሰበው መኳንንት ፊት ለረዥም ጊዜ ሲዘለፉ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ቆሙ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ፤ ከፖስታ ሹመታቸውም ወዲያው ተሻሩ።

ባሕር መሻገር ይፈሩ የነበሩት ዲቦራ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ ዐረፉ። ባልና ሚስቱ ከተያዩ ዐሥር ዓመት አልፏቸው ነበር። ፍራንክሊን በማርች 1775 ለንደንን ለቀው ሲወጡ የንጉሡ ታማኝ ዜጋ ሆነው የመኖር ተስፋቸው ተሟጦ ነበር። የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ የነበሩት ልጃቸው ዊልያም ግን ከንጉሡ ጎን በመቆማቸው አባትና ልጅ ተለያዩ።

በቀጣዩ ዓመት የነጻነቱን መግለጫ ከፈረሙ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተላኩ። በ1778 የተፈረመው የወዳጅነት ውል ፈረንሳይ ለአዲሲቱ አገር ዕውቅና የሰጠችበት ሆነ። በ1779 የሹመት ደብዳቤያቸውን ለንጉሥ ሉዊ ዐሥራ ስድስተኛ በባለሙሉ ሥልጣን መልእክተኛነት ሲያቀርቡ የተቀበላቸው እንጂ የመለሳቸው አልነበረም። በ1783 ከብሪታንያ ጋር የተደረገውን የሰላም ውል ከፈራሚዎቹ አንዱ ሆነው ፈረሙ፤ በኤፕሪል 17 ቀን 1790 በፊላዴልፊያ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

በለንደን ክሬቨን በተባለው ጎዳና የኖሩበት ቤት ዛሬም ቆሞ ይገኛል፤ ከ2006 ጀምሮም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም ነው።