ስሙ በክፉ የተጠራ ሰው

በታሪክ ትምህርት ጄሪማንደር የሚለውን ቃል ስሰማ የአውሬ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የሰው ስም አለበት።

ኤልብሪጅ ጌሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1744 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ፣ ማርብልሄድ በተባለች ወደብ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ፈረመ። በ1787 ግን ሕገ መንግሥቱ የሕዝቡን መብት አልዘረዘረም ብሎ ሳይፈርም ቀረ። እስከ ጉባኤው መጨረሻ ቆይተው እንዲህ ያደረጉት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እኔ ጌሪን የወደድኩት በዚህ ነው።

ኋላ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሆነ። በ1812 ወገኖቹ የምርጫውን ወረዳዎች ለራሳቸው እንዲመቹ ከልለው ሕጉን አቀረቡለት። እንዳልወደደው ይነገራል፤ ቢሆንም ፈረመ። ያን ጊዜ እንደ 1787ቱ እጁን ለምን እንዳልሰበሰበ አሁንም ይገርመኛል። አንደኛው ወረዳ እጅግ የተጣመመ ስለ ነበር አንድ ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሣለው፤ የጌሪንም ስም ሳላማንደር ከሚባለው እንስሳ ስም ጋር አጋጠመው። በምርጫው ተቃዋሚዎቹ ብዙ ድምፅ ሲያገኙ የጌሪ ወገን ከ40ው የሴኔት ወንበር 29ኙን ወሰደ። ጌሪ ራሱ ግን ተሸነፈ፤ አገረ ገዥ የሚመረጠው በመላው ግዛት ድምፅ እንጂ በወረዳ አይደለምና።

በ1813 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1814 በዋሺንግተን ወደ ሴኔት ሲሄድ በሠረገላው ውስጥ ታሞ ሞተ።